የጥር 23ቱ አሸናፊ በ24 ይታይ

 ዛሬ በዚህ የበዓል ገጽ የምንጽፈው ስለ ፈረስ ነው። በጥምቀት ዕለት ስለ ውኃው መጻፍ ሲገባ ፈረሱን ምን አመጣው የሚለን አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ነገር ግን በደጋው አገር ታቦታቱ ከባሕረ ጥምቀቱ ሲመለሱ፣ ካህናቱ በወረብ፣ ምእመናኑ በእልልታ ሲያጅቡ፣ ጋማቸው ተበጥሮ ግላስ የለበሱ ፈረሶች ከሕዝቡ ዳር ዳር ሲሰግሩ ያየ ሰው ለጥያቄው መልስ ከእኛ አይፈልግም። ፈረስ ከጥንት ጀምሮ የዚህ በዓል ቤተ ሰብ ሆኖ ኖሯል።

ለጽሑፋችን ምክንያት የሆነን ባለፈው ሰሞን በአርባ ምንጭ፣ በሲቀላ በኩል፣ ከቅዳሴ በኋላ የገጠመን ነገር ነው። አራት አምስት የሚሆኑ ወጣቶች ከአንድ ሻይ ቤት ደጃፍ ተሰብስበው በእጅ ስልክ አንድ ነገር ይመለከታሉ። ጠጋ ብለን ስናይ የአገው ፈረሰኞች የቀደመ ዓመት በዓል ነው። ከመካከላቸው አንደኛው ቀና ብሎ፣ «ዲያቆን፣ እርስዎ የድሮ ሰው ነዎት፤ ፈረስ ያውቃሉ። የዘንድሮውን ጥር 23 የትኛው ፈረስ የሚወስደው ይመስልዎታል?» ሲል ጠየቀን። ገና በአርባዎቹ ዕድሜ ላለን ሰዎች «የድሮ ሰው» መባሉ ትንሽ ቢያስደነግጠንም ጥያቄው ደስ አሰኘን። ደስታችን ግን አልቆየም። ሌላኛው ልጅ ቀጠለና፣ «መቶ መቶ ብር አስይዘናል፤ ለዚህ ነው» አለን። እኛም መልሱን አስበን በጽሑፍ እንደምንሰጥ ነግረናቸው ተለያየን። ይኸው ቃላችንን ለመፈጸም ተነሥተናል።

ጥር 23 ቀን በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ በእንጅባራ የሚታየው ትዕይንት በአገራችን ካሉት የፈረስ በዓላት ሁሉ ስሙ የገነነ ነው። የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተ ይነገራል። ይህ ዓመት ጠላት ገና ከአገር ያልወጣበት ዘመን መሆኑን ልብ ይሏል። የማኅበሩ ሐሳብ ወደ ዓድዋ የዘመቱትን አባቶችና አብረዋቸው የዘመቱትን ፈረሶች ማሰብ ነው። ብዙውን ጊዜ ሰው መታሰቢያ የሚያቆመው ለራሱ ወገን ነው፤ የአገው አባቶች ግን ለፈረሱም ዕለት ቆረጡለት። በዚያን ዕለት ፈረሰኞች ከየወረዳው፣ አባት ከልጁ፣ አንዳንዴም አያት ከልጅ ልጁ ጋር ሆነው፣ በየፈረሳቸው ጌጥ ደምቀው ወደ ከተማይቱ ይገባሉ። ሽምጥ ግልቢያው፣ ስግሪያውና ጉግሱ በዚያ ይታያሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንል ማለፍ አንፈልግም። የዓድዋ ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሆን በዓሉ የሚከበረው ጥር 23 የሆነበት ምክንያት ምንድን ነው? ሽማግሌዎች የሚሰጡት መልስ ጾሙን ነው። በባሕረ ሐሳብ ትምህርት እንደሚታወቀው ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 ቀን በፊት አይገባም፤ ከመጋቢት 5 ቀንም አያልፍም። ስለዚህ የካቲት 23 በብዙ ዓመታት በጾም ውስጥ ይውላል። በ1888 ዓ.ም. ራሱ የዓድዋ ዘማቾች ጦርነቱን የገጠሙት ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ ነበር። ጥር 23 ግን ከቶ በዐቢይ ጾም ውስጥ ሊውል አይችልም። ወርኃዊው የሰማዕቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ መታሰቢያ እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ ጠላውም ፍሪዳውም ያለ ሐሳብ የሚቀርብበት፣ እህሉ ተሰብስቦ ገበሬው እፎይ የሚልበት፣ መንገዱም ጭቃ የሌለው ወቅት ነው። የመረጡት ሰዎች ዘመን መቁጠርም ፈረስ መጠበቅም ያውቁ ነበር ማለት ነው። ደረቅ ሜዳ ለፈረስ እግር ምን ያህል እንደሚጠቅም ኋላ እንመለስበታለን።

በእኛ አገር ሰው በፈረሱ ስም መጠራቱ የቆየ ልማድ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ይባሉ ነበር። ጌታው ራሱ የፈረሱ አባት ተብሎ መጠራቱን አስተውሉ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችንም ከዚህ የራቁ አልነበሩም። ቅዱስ ጊዮርጊስን በነጭ ፈረስ፣ ቅዱስ መርቆሬዎስን በጥቁር ፈረስ ሲሥሉ ኮርቻውንና ልጓሙን የአገር ቤት አድርገው ነው። ብዙውን የቆየ ሥዕል ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ደግሞ የሰማዕቱ እግር ባዶ ሆኖ በአውራ ጣቱ ብቻ እርካቡን ይዞ ያገኘዋል። የአገራችን ፈረሰኛ በጥንት ጊዜ እርካብ የሚረግጠው እንዲሁ ነበርና ሠዓሊው ያየውን ሣለ። እኛ በልጅነታችን ይህን አውራ ጣት አይተን የተገረምነው ከዘንዶው ይልቅ ነበር።

አሁን ወደ ልጆቹ ጥያቄ እንምጣ። የፈረስ አሸናፊ እንዴት ይገመታል?

ስለ ሽምጥ ግልቢያው ስንናገር ከሁሉ አስቀድመን የምንመለከተው አፍንጫውን ነው። ፈረስ እንደ ሰው ወይም እንደ ውሻ በአፉ አይተነፍስም፤ ትንፋሹ ሁሉ የሚገባውና የሚወጣው በአፍንጫው ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ሽምጥ በሚጋልብበት ጊዜ በአንድ እርምጃ አንድ ጊዜ ብቻ ይተነፍሳል፤ እርምጃውና ትንፋሹ የተጣመሩ ናቸው። ስለዚህ ሰፊ አፍንጫና ጥልቅ ደረት የሌለው ፈረስ የቱንም ያህል ቢያጌጥ ከሜዳው እኩሌታ በኋላ ይቀራል። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለ ሆነች አየሩ ስስ ነው። በዚያው ደጋ የተወለደና ያደገ ፈረስ ከቆላ ከመጣው ይልቅ ብልጫ እንደሚኖረው ግልጽ ነው።

ቀጥሎ ጥርሱ ይታያል። የፈረስ የፊት ጥርሶች ሁሉ ተለውጠው የሚያበቁት አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ከዚያ በታች ያለው ፈረስ አጥንቱ ገና ስላልጠና በሽምጥ ቢያስደንቅም የሚከፍለው ዕዳ አለበት። እኛ የምንመርጠው ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያለውን ነው። ስለ መልክ ብዙ ይባላል፤ ዳማ ፈጣን ነው፣ ቡላ ታጋሽ ነው፣ ጉራች ቁጡ ነው የሚሉ አሉ። ለጨዋታ ካልሆነ በቀር ይህን አንቀበለውም። አምባላዩን ሰው ሁሉ የሚወደው የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ስለሚመስል ነው፤ መውደዱም አይከፋም። ነገር ግን ፀጉሩ እግሩን አያፈጥነውም።

ስግሪያው ግን ከሽምጡ ይለያል፤ በእኛ አስተያየት ከሁሉም የከበረው እርሱ ነው። ሰጋር ፈረስ ጀርባው እንደ ወለል ጸጥ ብሎ እግሮቹ ብቻ የሚሠሩ ነው። በዚህ ዐይነቱ ውድድር አሸናፊውን ለማወቅ ፈረሱን ትታችሁ የጋላቢውን ራስ ተመልከቱ። ራሱ ወደ ላይና ወደ ታች ካልዘለለ ፈረሱ በእርግጥ ይሰግራል። ልጓሙን ደግሞ ተመልከቱ፤ ፈረሱ አፉን ከፍቶ አንገቱን እየሰበቀ ከሆነ ስግሪያው የእርሱ ሳይሆን የብረቱ ነው።

ጉግሱ ደግሞ የሁለት ወገን ጨዋታ ነው። አንዱ ወገን እየሸሸ ጋሻውን ወደ ኋላ አዙሮ ይከላከላል፤ ሌላው እያሳደደ ዘንግ ይወረውራል፤ ከዚያም ተራው ይገለበጣል። እዚህ ላይ ፍጥነት ብቻውን አያሸንፍም። ቶሎ የሚቆም፣ ቶሎ የሚዞር፣ ከግርግሩ መካከል የጌታውን ጉልበት የሚሰማ ፈረስ ያስፈልጋል። ስለዚህ በጉግሱ ሽማግሌ ፈረሰኛ በሽማግሌ ፈረስ ተቀምጦ ጎረምሶችን ሲያሳፍር ማየት የተለመደ ነው።

በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ኮሌጅ በነበርንበት ጊዜ አንድ ከአገው ምድር የመጣ የክፍል ጓደኛችን ስለ ፈረስ ሲያጫውተን፣ በአገሩ ፈረስ ለበዓል ብቻ እንደማይቀመጥ ይነግረን ነበር። እኛ በሬ ብቻ ያርሳል ብለን ያደግን ስለ ነበርን ፈረስ ቀንበር ይሸከማል ሲለን ተረት መስሎን ነበር። እውነት ነው፤ በአዊ ገበሬው በፈረስ ያርሳል፤ እህልም ያጓጉዛል። ይህን ካወቅን በኋላ የጥር 23ን ሰልፍ የምናየው በሌላ ዐይን ነው። በብር ጌጥ የሚያብለጨልጨው ፈረስ ከጥቂት ወራት በፊት ሞፈር ሲስብ የነበረ ነው። ከሁለት ቀን በኋላም ወደ ሥራው ይመለሳል። ታዲያ ያ ፈረስ በአንድ ቀን ሽምጥ እግሩ ቢሰበር ወይም ጀርባው ቢላጥ ከዋንጫው ይልቅ የሚከብደው የቤቱ ጉዳት ነው።

ስለዚህ ነገር የምንናገረው ከሩቅ አይደለም። እኛ ያለንበት አርባ ምንጭ የፈረስ አገር አይደለችም። ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ የተቀመጠች ሞቃት ከተማ ናት። ፈረሱ ያለው ከላይ፣ በጋሞ ደጋ፣ በጨንቻና በዙሪያዋ ነው። ከአርባ ምንጭ ጨንቻ ወደ 37 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ መንገዱ ግን ከ1,400 ሜትር በላይ ወደ ላይ ይወጣል። ከታች ሙዝ፣ ከላይ እንሰትና ቀርከሃ፤ ከታች ላብ፣ ከላይ ቡልኮ። ሁለቱ አገሮች በዐይን ይተያያሉ፤ ለፈረስ ግን በመካከላቸው የሞት ድንበር አለ።

በልጅነታችን አጎታችን ለመስቀል በዓል ከደጋው በፈረስ ወደ ቤታችን ወረደ። ቡላ ፈረስ ነበር፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ነጥብ ነበረው። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ግቢያችንን ሞላው። አባታችን ሸማኔ ስለ ነበረ ለፈረሱ ከጥለት የተረፈ ክር ሰጥቶን በጋማው ላይ አሰርንለት። አጎታችን በዓሉን ውሎ ሊመለስ አስቦ ሳለ አባታችን፣ «ወንድም ጋሼ፣ ምን አስቸኮለህ? ሸማውን እስክጨርስልህ ቆይ» ብሎ አሰነበተው። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጧት ፈረሱ ራሱን አዘንብሎ አገኘነው። ከዐይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ አብጦ ነበር። እስከ ማታ ድረስ ትንፋሹ እንደ ወናፍ ሆነ፤ በማግሥቱ ንጋት ላይ በአፍንጫው ነጭ አረፋ እየደፈቀ ወደቀ። አንዳንዱ ሰው ዐይን ነው አለ፤ ሌላው መርዝ በላ አለ። አጎታችን ምንም አልተናገረም። ኮርቻውን ከነግላሱ አንሥቶ በራሱ ላይ አድርጎ የጨንቻን ዳገት በእግሩ ወጣ። እኛም ክሩን ከጋማው ፈትተን ሳንወስድለት መቅረታችን እስከ ዛሬ ይቆጨናል።

ያ አረፋ የምን ምልክት እንደ ሆነ ያወቅነው አድገን ነው። በሽታው የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ይባላል። የሚያስተላልፈው ከወባ ትንኝ የምታንስ፣ በምሽትና በንጋት የምትናከስ ዝንብ ናት። ይህች ዝንብ የምትበዛው ዝናብ አልፎ ረግረጉ ሲሞቅ ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ ይህ ወቅት ከመስቀል ጋር ይገጥማል። ሳንባውን የያዘው ፈረስ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። በዚህ ላይ በስምጥ ሸለቆው ቆላ ገንዲ የሚያስተላልፈው ዝንብ አለ። የሚያስገርመው ከእግዜር ድልድይ ማዶ በነጭ ሣር ሜዳ የሚቦርቀው የሜዳ አህያ የፈረስ የቅርብ ዘመድ ሆኖ ሳለ ይህን የፈረስ በሽታ ተሸክሞ ሳይታመም መኖሩ ነው። እንግዲህ በአርባ ምንጭ ሜዳ ላይ ውድድር ተዘጋጅቶ አሸናፊ ምረጡ ብንባል የምንመርጠው ባለ መስመሩን ነው፤ ኮርቻ የሚጭንለት ከተገኘ።

ይህን የምንለው ለቀልድ ብቻ አይደለም። በየጊዜው የጋሞን ባህል ለቱሪስት ለማሳየት ሲታሰብ ከደጋ ፈረሰኞችን ወደ አርባ ምንጭ አውርዶ ማሰለፍ ያምራል የሚል ሐሳብ ሲነሣ ሰምተናል። ያምራል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ለመስቀል ከሆነ ፈጽሞ አይደረግ እንላለን። ዮ ማስቃላ በጨንቻና በዶርዜ ሜዳ ላይ ሲከበር ፈረሱ በአገሩ ነው፤ እንግዳው ወደ ፈረሱ ይውጣ። ለጥምቀት ከሆነ ወቅቱ ደረቅ ስለ ሆነ አደጋው ይቀንሳል፤ ቢሆንም ፈረሶቹ አስቀድመው ይከተቡ፤ በቆላውም አይደሩ። በቢሾፍቱ ያለው ተቋም የዚህን በሽታ ክትባት ያመርታል። ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚደርስ ፈረስ ያላት አገር፣ በአፍሪካም በፈረስ ብዛት ቀዳሚ የሆነች አገር፣ ለበዓል የምታስጌጠውን እንስሳ መከተብ አያቅታትም።

የጋሪውን ፈረስ ነገር ካላነሣን ደግሞ ጽሑፋችን ጎዶሎ ይሆናል። በብዙ የአገራችን ከተሞች ጀርባው ቆስሎ፣ ዝንብ ወሮት፣ ሲደክም ወይም ሲያረጅ ከመንገድ ዳር የተጣለ ፈረስ ማየት የተለመደ ነው። በዓል ሲሆን ለፈረስ እልል የሚል ሕዝብ፣ ሥዕሉን ተሳልሞ የሚወጣ ምእመን፣ በዚያ በተጣለው አጠገብ ሲያልፍ መኪናው እንዳይገጨው ብቻ ይጠነቀቃል። እኛም ራሳችን እንዲሁ አልፈናል፤ ከአንድ ጊዜ በላይ።

ስለ መቶ ብሩ ደግሞ የምንለው አለን። በየከተማው በተከፈቱት የውርርድ ቤቶች የኳስ ውጤት ሲቆጥሩ የሚያመሹ ልጆቻችን ዐይናቸውን ወደ ፈረሱም ማዞራቸው ያሳስበናል። የሐዋርያት ቀኖና ኤጲስ ቆጶስ፣ ቄስ ወይም ዲያቆን ቁማር ቢጫወት ወይ እንዲተው፣ አለዚያም ከሹመቱ እንዲሻር ያዝዛል። ስለዚህ ልጆቹ ከእኛ የሚያገኙት ግምት ሳንቲም የማይያዝበት ነው። ታሪኩም ቢሆን የሚያስፈራ ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በ399 ዓመተ ምሕረት፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ በቁስጥንጥንያ ያሰማው የታወቀ ስብከት አለ። ምእመናኑ በዕለተ ስቅለት ቤተ ክርስቲያኑን ትተው የሠረገላ ፈረሶች ውድድር ወደሚታይበት ስፍራ ሄደው ነበርና በብርቱ ገሠጻቸው። ከዚያ በኋላ ሌላ ትውልድ ሲመጣ ነገሩ ከስብከት አለፈ። የከተማይቱ ሕዝብ በሠረገላ ነጂዎቹ ልብስ ቀለም ሰማያዊና አረንጓዴ ተብሎ ተከፈለ። በ532 በተነሣው ሁከት ከተማይቱ ተቃጠለች፤ በሺህ የሚቈጠር ሰው በዚያው የውድድር ስፍራ ተገደለ፤ ታላቁም ቤተ ክርስቲያን ነደደ። ዛሬ የምናውቀው የቅድስት ሶፍያ ሕንፃ የተሠራው ከዚያ ቃጠሎ በኋላ ነው። ሕዝብ በፈረስ ምክንያት እስከዚያ ድረስ ይደርሳል ብሎ ማን ይገምት ነበር? በእንጅባራ ሜዳ እስከ ዛሬ የምናየው ግን ተቃራኒው ነው፤ ሰባቱ ቤት የሚገናኙበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ቀን ነው። ይህ በገንዘብ እንዳይለወጥ እንሰጋለን።

እንግዲህ የእኛ ሐሳብ ይህ ነው። የጥር 23 ዋናው ሽልማት በጥር 24 ጧት ይሰጥ።

ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ ከ1955 ጀምሮ፣ በእነርሱ አቈጣጠር፣ የሚካሄድ ቴቪስ ካፕ የተባለ የ100 ማይል፣ ማለትም የ160 ኪሎ ሜትር ያህል የፈረስ ጉዞ አለ። ተራራና ገደል አቋርጦ በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ የሚፈጸም ነው። አንደኛ ለወጣው ዋንጫ ይሰጠዋል፤ ነገር ግን ሃጊን ካፕ የሚባል ሌላ ዋንጫ አለ። ይህን የሚሸለመው ከመጀመሪያዎቹ አሥር ገቢዎች መካከል በማግሥቱ ሲመረመር ሰውነቱ ከሁሉም ደኅና ሆኖ የተገኘው፣ ዛሬም ቀጥል ቢባል መቀጠል የሚችለው ፈረስ ነው። ፈረሰኞቹ ከሁለቱ ይህኛውን እጅግ ይመኙታል። በእንዲህ ያለው ረጅም ጉዞ ሐኪሞች የልብ ምቱን ይለካሉ። ያረፈ ፈረስ ልብ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል። ከሩጫ በኋላ በተወሰነው ደቂቃ ውስጥ ወደ 64 ያልወረደለት ፈረስ ከውድድሩ ይወጣል፤ ጌታው ቢለምን፣ ቢያለቅስ አይሰማም።

በእንጅባራ ይህን ለማድረግ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሁለት የእንስሳት ሐኪሞች፣ አንድ የልብ ማዳመጫና ሰዓት ቢገኝ ይበቃል። ፈረሱ በ23 ምሽት ኮርቻው ይውረድ፤ ጀርባው ይታይ፤ የላጠ ወይም ያበጠ ቦታ ካለ ይመዝገብ። ጋላቢው የተጠቀመበት ልጓም የፈረሱን አፍ አድምቶ እንደ ሆነ ይመርመር። በ24 ጧት ፈረሱ ያለ ጭነት ይሂድ፤ የሚያነክስ ካለ ይታወቃል። ሽማግሌዎቹ ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያዩት ዐይን አላቸውና የመጨረሻውን ፍርድ ለእነርሱ እንተዋለን። ዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶች ለማሰብ በተሰበሰበ ጉባኤ ላይ ከዚህ የተሻለ ዳኝነት ሊኖር ይችላል ብለን አናስብም። እነዚያ ፈረሶች የተፈለጉት ለአንድ ቀን ሽምጥ አልነበረም፤ ከጎጃም ትግራይ ድረስ ለወራት ተጉዘው ደርሰዋልና።

አንድ ወዳጃችን ይህን ሐሳብ ስንነግረው፣ «ታዲያ ሕዝቡ አሸናፊውን ሳያይ ወደ ቤቱ ሊገባ ነው?» ብሎ ተቃወመን። ተቃውሞው ተገቢ ነው። የሽምጡ አንደኛ በዕለቱ ይነገር፤ ጭብጨባውም አይከልከል። ትልቁ ሽልማት ግን ይደር። በሙሽራ ቤትም ቢሆን ምርጡ ቅልቅል በማግሥቱ ነው።

በመጨረሻም ለሲቀላ ልጆች ቃል የገባነውን ግምት እንስጥ። ለሽምጡ የምንመርጠው አፍንጫው ሰፊ፣ ደረቱ ጥልቅ፣ ዕድሜው ከሰባት ያላነሰ፣ በአገው ደጋ ተወልዶ ያደገውን፣ ከመነሻው ላይ የማይቅበጠበጠውን ነው፤ መነሻው ላይ የሚዘል ፈረስ ትንፋሹን አስቀድሞ ጨርሷል። ለስግሪያው የጋላቢው ነጠላ ከትከሻው የማይንሸራተተውን። ለጉግሱ ጢሙ የሸበተውን፤ በተለይ ከልጁ ጋር የመጣውን፣ ልጅ ፊት የሚሸነፍ አባት ብዙ አይገኝምና። ለጥር 24ቱ ግን ሰልፉ ሲበተን ልብ በሉ። ብዙዎች ፈረሳቸው ላይ እንደ ተቀመጡ ወደ ጠላው ቤት ይሄዳሉ። ከመካከላቸው አንዱ ወርዶ፣ የኮርቻውን ማሰሪያ አላልቶ፣ ልጓሙን በእጁ ይዞ በእግሩ ወደ ውኃው ሲሄድ ታያላችሁ። መቶ ብር የሌለበት ምርጫችን የእርሱ ፈረስ ነው፤ መልኩ ቡላ ቢሆን ደግሞ ደስ ይለናል።